ሀ ብሎ ያልጀመረ ይሸወዳል

አንድ ቁጥር ያዙ። የፈለጋችሁትን፤ የጫማችሁም ቁጥር ቢሆን ግድ የለም። ለማንም እንዳትናገሩ። እጥፍ አድርጉት። 10 ደምሩበት። የመጣውን ለሁለት አካፍሉት። አሁን መጀመሪያ የያዛችሁትን ቁጥር ቀንሱበት። 5 ቀራችሁ፤ አይደል?

ይህቺን ጨዋታ ወይም ዘመዷን ሳይጫወት ያደገ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጠያቂው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ይዞ፣ ልብ የሚያነብ መስሎ “አምስት!” ሲል ጨዋታው ያበቃል። የእኛ ጥያቄ ግን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሰውዬው ቁጥራችንን እንዴት አወቀው?

መልሱ አጭር ነው። አላወቀውም። አሁንም አያውቀውም። ማወቅም አላስፈለገውም።

የያዛችሁትን ቁጥር “ሀ” እንበለው። እጥፉ 2ሀ ነው። 10 ሲደመርበት 2ሀ + 10 ይሆናል። ለሁለት ሲካፈል ሀ + 5። ከዚህ ላይ ሀ ሲቀነስ 5። በቃ! ቁጥራችሁ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ወጣ። የቀረው ጠያቂው ራሱ ያስገባው የ10 ግማሽ ነው። 20 ደምሩ ብሏችሁ ቢሆን ኖሮ 10 ይቀራችሁ ነበር።

አልጀብራ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። የማናውቀውን ነገር እንደምናውቀው አድርገን ስም ሰጥተነው፣ ወዴት እንደሚሄድ በዓይናችን መከተል። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን ከአልጀብራ ጋር የተዋወቅነው በዚህ መልክ አለመሆኑ ነው። የተዋወቅነው “ኤክስን ፈልግ” በሚል ትእዛዝ ነው። ኤክስ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደጠፋ፣ ሲገኝስ ለማን እንደሚጠቅም የነገረን አልነበረም። “የእኩል ምልክቱን ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል” ተባልን፤ ልክ ድንበር ሲሻገር ስሙን እንደሚቀይር ሰው። ለምን ይቀይራል? እሱ ፈተና ላይ አይመጣም!

“እናንተ ጋዜጠኝነት የተማራችሁት ከሒሳብ ሸሽታችሁ ነው” የሚሉን አሉ። ይበሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ አልጀብራ ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ዕቃ አይደለም። በከተማ የሚኖር፣ ስልክ የያዘ፣ ሱቅ የሚገባ፣ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ እንዳይሸወድ የሚጠብቀው ፊደል ነው።

ከስልካችን እንጀምር። ዓመት በመጣ ቁጥር የምትዞር መልእክት አለች። ዕድሜያችሁንና የተወለዳችሁበትን ዓመት ብትደምሩ የዘንድሮውን ዓመት ታገኛላችሁ ትላለች፤ ይህም በ1000 ዓመት አንዴ ብቻ የሚሆን ተአምር ነው ብላ ታክላለች። የተማረውም ያልተማረውም ደምሮ ያያል፤ ይገረማል፤ ለወዳጁ ያስተላልፋል። እስኪ ሀ እንበል። የልደት ዓመታችሁ ሀ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁ የዘንድሮው ዓመት ሲቀነስ ሀ ነው። የቀነሳችሁትን ሀ መልሳችሁ ስትደምሩት ወደ ተነሳችሁበት ዓመት ከመመለስ በቀር ሌላ ምን ይመጣል? አምና ሠርቷል፣ ከርሞም ይሠራል። በእኛም አቆጣጠር ይሠራል፣ በፈረንጁም ይሠራል፤ ሁለቱን አትቀላቅሉ እንጂ። ልደታችሁ ዘንድሮ ገና ካልደረሰ ደግሞ ተአምሩ አንድ ይጎድለዋል!

ትንሽ የረቀቀችም አለች። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የዞረችው፣ ሐሳብ ታነባለች የተባለች የመስታወት ኳስ። ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ያዙ፣ ሁለቱን አሃዞች ደምራችሁ ከቁጥሩ ላይ ቀንሱ፣ ከሰንጠረዡ ላይ በውጤታችሁ አጠገብ ያለውን ምልክት አተኩራችሁ እዩ ትላችኋለች። ኳሷን ስትነኩ ያው ምልክት ብቅ ይላል። የአስር ቤቱን አሃዝ ሀ፣ የአንድ ቤቱን ለ እንበላቸው። ቁጥሩ 10ሀ + ለ ነው። ሀ + ለ ሲቀነስበት 9ሀ ይቀራል። “ለ” ሳትሰናበት ጠፋች! ስለዚህ ውጤቱ ከ9፣ 18፣ 27 እያለ እስከ 81 ካሉት ዘጠኝ ቁጥሮች አይወጣም። ሰንጠረዡን ብትመረምሩት በእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች አጠገብ ያለው ምልክት አንድ ዓይነት ነው። በሚቀጥለው ሙከራ ግን ምልክቱ ስለሚቀየር በቀላሉ አይነቃበትም።

ይህ የዛሬ ዘመን ብልጠት እንዳይመስላችሁ። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ፣ አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የገለበጠው የሒሳብ ፓፒረስ አለ። 28ኛው ጥያቄው “ቁጥር ያዙ” የሚባለው ጨዋታ ጥንታዊ ምሳሌ ነው የሚሉ የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ሁለት ሦስተኛውን ትደምሩበታላችሁ፤ ከድምሩ ላይ አንድ ሦስተኛውን ትቀንሳላችሁ። “10 ቀረኝ” ካላችሁ፣ ጠያቂው ከ10 ላይ አንድ አስረኛውን ቀንሶ “የያዝከው 9 ነው” ይላል። በ27 ሞክሩት። 18 ሲደመር 45፣ 15 ሲቀነስ 30፣ የ30 አንድ አስረኛ ሲቀነስ 27። “አልጀብራ” የሚለው ስም የመጣው ከዚህ በጣም ዘግይቶ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ የሚባል ትምህርት አለ። ለ2018 ዓ.ም. እንሥራው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ 12፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ። 132 ለ30 ሲካፈል 12 ተረፈ፤ 228 ለ30 ሲካፈል 18 ተረፈ። ሁለቱ ሲደመሩ 30። የ2017ን ብትሠሩ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነው። አሁንም 30! ወንበሩን ሀ በሉትና ምስጢሩን ታገኙታላችሁ፦ 11ሀ + 19ሀ = 30ሀ ነው፤ 30ሀ ደግሞ ለ30 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። ወንበሩ ባዶ በሚሆንበት ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ ራሱ 30 ይሆናል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የመስታወት ኳሷ የማይለወጠውን ቁጥር ደብቃ አስደነቀችን። ባሕረ ሐሳብ ግን የማይለወጠውን ቁጥር ደንብ አድርጎ በግልጽ ያስተምራል፤ ድምሩ 30 ካልመጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። ያው ሒሳብ ለአንዱ ማደንዘዣ፣ ለሌላው መፈተሻ ሆነ።

መፈተሻው የሚያስፈልገን ደግሞ ጨዋታ ላይ ብቻ አይደለም። 1000 ብር የነበረ ጫማ በዓል ሲቃረብ 25 በመቶ ይጨመርበትና 1250 ይገባል። ከዚያ በትልቁ “20 በመቶ ቅናሽ!” ተብሎ ይለጠፍበታል። የ1250 ሃያ በመቶ 250 ነው፤ ሲቀነስ 1000። ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ሀ ብትሉት 1.25 × 0.8 × ሀ ያው ሀ ነው። ልክ እንደ ልጅነታችን ጨዋታ ገብቶ ወጣ፤ እኛ ግን ተሰልፈን ገዛን። የደመወዙ ደግሞ ይብሳል። 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው 20 በመቶ ተቀንሶበት 8,000 ሆነ እንበል። ከዓመት በኋላ “የቀነስንብህን 20 በመቶ መልሰናል” ቢባል የሚደርሰው 9,600 ነው። 400ው የት ሄደ? ሀ ያላለ ሰው አይጠይቅም።

“ምስጢሩ ሲገለጥ ጨዋታው ይሞታል” የሚሉን ይኖራሉ። አንስማማም። ምስጢሩን ያላወቀ ሰው ተመልካች ብቻ ነው፤ ያወቀ ግን የራሱን ጨዋታ ይፈጥራል። 7 እንዲቀር ከፈለጋችሁ 14 አስደምሩ። የ12 ዓመት ልጅ ይህን ራሱ ሲደርስበት ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ ከማንኛውም አስማት ይበልጣል። አልጀብራ የምታስተምሩ መምህሮቻችን ሆይ፣ እባካችሁ “ኤክስን ፈልግ” ከማለታችሁ በፊት “አንድ ቁጥር ያዙ” በሉ። ልጁ “እንዴት አወቅክ?” ብሎ ሲጠይቃችሁ ያን ጊዜ ፊደሉን ስጡት። የጠየቀ ልጅ የተሰጠውን አይጥልም።

ለእናንተ ለአንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ የቤት ሥራ። አንድ ቁጥር ያዙ። በ3 አባዙት። 12 ደምሩበት። ለ3 አካፍሉት። መጀመሪያ የያዛችሁትን ቀንሱበት። ስንት እንደቀራችሁ እናውቃለን፤ አንነግራችሁም። ወረቀት አውጡና ሀ በሉ።