የደጃፍ ዓምድ ለእንግዳ ነው

የቤት ደጃፍ የባለቤቱን ጠባይ ይናገራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በካቺሲም ሆነ በሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የክረምት ዝናብ ድንገት ሲወርድ፥ መንገደኛውና ገበያተኛው የሚጠለለው በሰው በረንዳ ሥር ነው። ባለቤቱም «ለምን ቆምህ?» አይለውም። ይህ በረንዳ በጥቂት የእንጨት ምሰሶዎች የቆመ ቢሆንም ታላላቅ ዘመዶች አሉት።

በሮማ ከተማ ያለው ፓንቴዎን፥ በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን በ2ኛው መቶ ዓመት የተፈጸመው፥ ከበሩ ፊት ከግብፅ የመጡ 16 የድንጋይ ዓምዶች ሰፊ ጣራ ተሸክመው ይታያሉ። የእያንዳንዱም ቁመት 12 ሜትር ያህል ነው። በአቴናም ፈላስፋው ዜኖን ተማሪዎቹን ያስተምር የነበረው ስቶአ በሚባል ባለ ዓምድ መጠለያ ሥር ስለ ነበረ፥ ተከታዮቹ ኢስጦኢኮች ተባሉ። መጠለያው ለትምህርቱ ስም አወጣለት ማለት ነው።

እኛም ለዚህ ጥበብ እንግዶች አይደለንም። በትግራይ፥ በይሓ፥ ግራት በዓል ገብሪ የተባለው ሕንጻ ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቈጠረ ሲሆን፥ በመግቢያው 6 ታላላቅ የድንጋይ ዓምዶች ተተክለውበት ነበር። በላሊበላም ቤተ መድኃኔ ዓለምን በአራቱም ማዕዘን ከዚያው ዓለት የተፈለፈሉ ዓምዶች ከበውታል።

ታዲያ ዛሬ የምናዝንበት ነገር አለ። በየከተማው በሚሠሩት አንዳንድ አዳዲስ ቤቶች የሲሚንቶ ዓምድ ከግድግዳ ጋራ ተጣብቆ፥ በራሱ ላይ የግሪክ ጌጥ ተደርጎለት እናያለን። ነገር ግን ጣራ አይሸከምም፤ ሰውም አያስጠልልም። የጥንቶቹን መልክ ወስደን ቁም ነገሩን ትተነዋል።

«መሬት ተወዷል፤ ለበረንዳ የሚተርፍ ቦታ የለም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከዝናብ የተጠለለ ሰው ለባለ ሱቁ ከደጁ የቆመ ደንበኛ ነው። በመሥሪያ ቤት ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ፥ በጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቅ በሽተኛና ልጅ ያዘለች እናትም ከፀሐይና ከዝናብ የሚከለሉበት ሊኖራቸው ይገባል።

ስለዚህ በካቺሲም ሆነ በሌላው ከተማ ቤት የምታሠሩ ወገኖች፥ ከበሩ ፊት ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ስፋት ተዉ፤ ወለሉን ከጭቃው ከፍ አድርጉ፤ የእንጨቱ ምሰሶ በእርጥበት እንዳይበሰብስ ከሥሩ ድንጋይ አስቀምጡ። ዓምዱ ከባሕር ዛፍ ቢሆን ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከበስተኋላው ለሰው የሚሆን ቦታ ማጣቱ ነው።