ለቦረና የግጦሽ መሬት ምንጠራ አስተባባሪዎች



ቁጥቋጦ አይመንጠር ልል አይደለም። ፉሌንሳና ሰጰንሳ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ሜዳውን ሲወርሩት ሣሩ እንደሚጠፋ ከእኔም ከእናንተም በላይ አርብቶ አደሩ ያውቀዋል። በደርግ ዘመን ግጦሹን ማቃጠል ሲከለከል ቁጥቋጦውን በልኩ ያቆይ የነበረው ልማድ ቀረ፤ ዛሬ ገጀራ ይዞ የሚወጣው የሴፍቲኔት ሠራተኛ የዚያን ዕዳ ነው የሚከፍለው። ቅሬታዬ በአሠራራችሁ ላይ ነው።

ዕቅዱም ሪፖርቱም በሄክታር ነው። የሚጠየቀው የተመነጠረው ስፋት ብቻ ሲሆን ሠራተኛው ያገኘውን ሁሉ ይጥላል፤ ትልቁ ግራርም አይተርፍም። ቅርንጫፉ ተከምሮ ይቃጠላል፣ መሬቱም ራቁቱን የመጋቢትን ዝናብ ይጠብቃል።

ጠብታው ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ጓሉን ይፈረካክሰዋል፤ ደቃቁ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲደርቅ በጥፍር የሚነሣ ስስ ቅርፊት ይሆናል። የሚቀጥለው ዝናብ በዚያ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ለማየት የፈለገ፣ አፍና ቂጡ የተከፈተ ሁለት ጣሳ ይያዝ። አንዱን ከግራር ሥር፣ ሌላውን ከተመነጠረው ባዶ ቦታ ላይ ጥቂት አስምጦ እኩል ውኃ ይጨምርባቸው። ግራሩ ሥር የረገፈ ቅጠል፣ የሥር መንገድና የምስጥ ቀዳዳ አለና ውኃው ቶሎ ይሰርጋል፤ ባዶው ላይ ግን ቆሞ ይቀራል። እግረ መንገዱንም የሣሩን ጉቶ ይመልከት፦ ከመሬት ከፍ ብሎ ሥሩ ከታየ፣ ሣሩ አድጎ ሳይሆን ዙሪያው ያለው አፈር ታጥቦ ሄዶ ነው።

ውኃ የሚያስገባው የአፈሩ መሸፈን ነው። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ መሀል ያለው ባዶ መሬትም ይሸረሸራል፤ ሣር የያዘ ሜዳ ደግሞ ዝናቡን በደንብ ይቀበላል። አደገኛው ዛፉ ሄዶ ሣሩ ገና ያልመጣበት ጊዜ ነው፤ እናንተ ከብት የምትለቁት በዚያው ጊዜ ነው። (ዶዘር ስለገባበት ቦታ ባልናገር ይሻላል፤ የላዩ አፈር ከነሣሩ ዘር ዳር ላይ ተቆልሏል።) ሣሩ ሳይመለስ ፉሌንሳው ደግሞ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብቱ ባለቀበት አገር፣ የዘነበውን ለጎርፍ መስጠት ይቅር የሚባል ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ትልልቆቹን ዛፎች ተዉ፤ ተዳፋቱንና የጎርፍ መውረጃውን ዳር አትንኩ። ቅርንጫፉን ከማቃጠል ይልቅ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ እንዲተኛ አድርጉ፤ እሾሁ ከብት ያርቃል፣ ጎርፉ የተሸከመውን አፈርና ዘርም እዚያው ያስቀራል። ሣሩ ዘር እስኪጥል ቦታው እንደ ካሎ (የአርብቶ አደሩ የግጦሽ ክልል) ይከለል። ሪፖርቱም ላይ ከሄክታሩ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ጨምሩበት፦ ከአንድ የዝናብ ወቅት በኋላ በሣር የተሸፈነው ስንት ነው? ይህ ሳይሞላ ሥራው ተጠናቋል ተብሎ አይፈረም።