ከለንደን ፓሪስ፦ በቲኬቱ ላይ ያልተጻፈው ዋጋ

ከለንደን ወደ ፓሪስ መሄድ የፈለገ ሰው አራት መንገዶች ተዘርግተውለታል፤ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ አውቶቡስና መርከብ። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የመንገደኛውና የኪሱ ጉዳይ ይመስላል። የጉዞ መጻሕፍትም ነገሩን የሚይዙት በዚሁ መልክ ነው፤ ሰዓትን ከሰዓት፣ ሒሳብን ከሒሳብ አነጻጽረው ምክራቸውን ይለግሳሉ። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከዚያ ይለያል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል መንገደኛው «መረጥሁ» የሚለውን ነገር ባብዛኛው የመረጡለት ሌሎች ናቸው፤ የመረጡለትም በምክር ቤቶች፣ በውል ሰነዶችና በግብር ሕጎች አማካይነት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በቅድሚያ የተለመደውን ንጽጽር እንጨርስ። ባቡሩ ከለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ተነሥቶ ፓሪስ ጋር ዱ ኖር የሚደርሰው በሁለት ሰዓት ከሩብ ግድም ነው። («ጋር» በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው ለገሀርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው።) ሁለቱም ጣቢያዎች ከከተማቸው መካከል የሚገኙ ስለሆኑ፣ ለፓስፖርትና ለፍተሻ ቀድሞ መድረሱ ተጨምሮበት እንኳ ከቤት እስከ ማረፊያ አምስት ሰዓት ቢያዝለት ይበቃል። አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ሂትሮውም ሆነ ጋትዊክ ወይም ሉተን ከለንደን መካከል የራቁ ናቸው፤ ሻርል ደ ጎልም ከፓሪስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ወደ አየር ማረፊያ መሄጃው፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁና ከተማ መግቢያው ሲደመር አውሮፕላኑ ባቡሩን አይቀድመውም፤ ብዙ ጊዜም ወደ ኋላ ይቀራል። አውቶቡሱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ እንደ ደንቡ ርካሹ እርሱ ነው፤ ሌሊቱን ተጉዞ የአንድ አዳር የሆቴል ኪራይ ለማትረፍ ለሚሻ ተማሪም ሁነኛ ነው። መርከቡ ከዶቨር ካሌ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከኒውሄቨን ዲየፕ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በሁለቱም ዳርቻ ሌላ ባቡር መያዝ ስለሚያስፈልግ ቀኑ በመንገድ ያልቃል።

በጊዜም፣ በምቾትም፣ ወደ አየር በሚለቀቀው ካርቦን መጠንም ባቡሩ አውሮፕላኑን ይበልጠዋል። የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ የፈረንሳይ ኤሌክትሪክ ደግሞ አብዛኛው ከኒውክሌር የሚመነጭ በመሆኑ፣ የአንድ ባቡር ተሳፋሪ የካርቦን ድርሻ የአውሮፕላን ተሳፋሪውን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ታዲያ በመጨረሻው ሳምንት ቲኬት ለመግዛት የሞከረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ስለምን ብዙ ጊዜ የባቡሩ ዋጋ ከአውሮፕላኑ በልጦ ይገኛል?

የመልሱ አንደኛው ክፍል የሚጀምረው በ1944 ከተፈረመው የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ24ኛ አንቀጹ፣ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚበር አውሮፕላን ይዞት የሚገባው ነዳጅ ቀረጥ እንዳይጣልበት ደነገገ። አገሮች ከዚያ በኋላ እርስ በርስ በተፈራረሟቸው ውሎች ይህን ነጻነት አሰፉት፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 ባወጣው የኃይል ግብር መመሪያ ለአቪዬሽን ነዳጅ ምሕረቱን አጸናለት። የገዛ መኪናውን ይዞ ባሕሩን የሚሻገር ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚን ቀረጥ ሲከፍል፣ ከራሱ በላይ የሚበረው አውሮፕላን አይከፍልም። እርግጥ ነው፣ ብሪታንያ ከ1994 ጀምሮ በአየር ተጓዦች ላይ የነፍስ ወከፍ ግብር ታስከፍላለች። ፈረንሳይም በ2006 በአውሮፕላን ቲኬት ላይ የትብብር ቀረጥ ጥላ፣ ገንዘቡ ዩኒትኤድ በተሰኘው ድርጅት በኩል ለኤች አይ ቪ፣ ለወባና ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መግዣ እንዲውል አድርጋለች፤ ይህ የሚያስመሰግናት ሥራ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ግብሮች የሚቆጥሩት ሰውን እንጂ ነዳጅን አይደለም። ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚበር አውሮፕላን ሙሉ ከሆነው ያነሰ ግብር ይከፍላል። በነዳጅ ብክነት ላይ የተጣለ ግብር ቢሆን ኖሮ ነገሩ መገልበጥ ነበረበት።

ሁለተኛው ክፍል የዋሻው ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል። ማርጋሬት ታቸርና ፍራንሷ ሚተራን በየካቲት 1986 በካንተርበሪ የተፈረመውን ውል ሲዋዋሉ፣ የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ከመንግሥት ካዝና አንዲት ሳንቲም እንዳትወጣ አጥብቀው ጠይቀው ነበር። ዋሻው በግል ገንዘብ ተቆፈረ። ወጪው ከታቀደው እጅግ አልፎ፣ ግንቦት 6 ቀን 1994 ሲመረቅ ባለቤቱ ኩባንያ በዕዳ ተዘፍቆ ነበር። በ2006 ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል ፍርድ ቤት ሄደ፤ አክሲዮን የገዙ በርካታ የፈረንሳይ አነስተኛ ባለሀብቶችም ጥሪታቸው ቀለጠ። ያ ዕዳ እንደ ጉም በንኖ የጠፋ አይምሰለን። በዋሻው የሚያልፍ ባቡር በየተሳፋሪው ልክ የመተላለፊያ ዋጋ ይከፍላል፤ ዋጋውም ቲኬቱ ውስጥ ተካቶ ለመንገደኛው ይደርሰዋል። ከአውሮፕላኑ በታች ግን ለሰማዩ መቆፈሪያ የተበደረ ማንም የለም።

ከዋሻው ወዲያና ወዲህ ያለውን ልዩነት ማየቱም ትምህርት አለው። ፈረንሳዮች ከፓሪስ እስከ ዋሻው አፍ የሚያደርሰውን ፈጣን መስመር በ1993 አዘጋጅተው ጠበቁ። በእንግሊዝ በኩል ግን ያው ባቡር ከዋተርሉ ተነሥቶ በአሮጌው ሐዲድ በኬንት መስኮች መካከል ሲያዘግም ዓመታት አለፉ፤ ሚተራንም በዚህ መቀለዳቸው ይታወሳል። የእንግሊዙ ፈጣን መስመር የመጀመሪያ ክፍል በ2003፣ ሴንት ፓንክራስ የሚደርሰው ቀሪው ክፍል በኅዳር 2007 ተከፈተ። ለዚህ ብዙውን የከፈለው የአገሬው ግብር ከፋይ ነው። ታዲያ ሥራው አልቆ ፍሬው ሊለቀም ሲል መንግሥት መስመሩን ለ30 ዓመት የማስተዳደር መብት በ2010 ለሁለት የካናዳ የጡረታ ፈንዶች በ2.1 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በ2015 ደግሞ በዩሮስታር ውስጥ የነበረውን 40 በመቶ ድርሻ አስረከበ፤ ከዚህ ሽያጭና አብሮ ከተመለሰለት ሌላ የአክሲዮን ጥቅም 757 ሚሊዮን ፓውንድ አገኘ። ከገዢዎቹ ዋነኛው እንደገና ከካናዳ፣ ከኬቤክ የመጣ የጡረታ ፈንድ ነበር። የካናዳ ጡረተኞች ደህና ይኑሩ፤ ጠብ የለንም። ነገር ግን ለጡረተኛ መጦሪያ የተገዛ ሐዲድ ርካሽ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የዋህ ነው።

ነገሩ የለየለት በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ነው። ባቡሮቹ ባዶ ሆኑ፤ ኩባንያው ሊወድቅ ደረሰ። በዚያው ወራት አየር መንገዶች በእንግሊዝ ባንክ በኩል ከተዘረጋው የድንገተኛ ብድር ሲጠቀሙ፣ ዩሮስታር ግን ባለቤቶቹ የውጭ ሰዎች ናቸውና ይርዱት ተባለ። ባለቤቶቹና ባንኮች በግንቦት 2021 በ250 ሚሊዮን ፓውንድ ደግፈው አቆሙት። ድርሻውን ራሱ የሸጠ መንግሥት፣ ኩባንያው «የእኔ አይደለም» ማለቱ በሕግ ፊት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በፖለቲካ ሚዛን ግን የሚያስተዛዝብ ነው። ስሙ ሳይቀር «ኢንተርናሽናል» የተባለው የአሽፎርድ ጣቢያ ከ2020 ወዲህ የፓሪስ ባቡር አልቆመበትም።

መፍትሔው ውድድር ነው የሚሉ አሉ። ከ1994 ጀምሮ በዋሻው ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልስ ባቡር ኩባንያ አንድ ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ በጥቅምት 2025 የብሪታንያ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቨርጅን የተባለው ኩባንያ በለንደኑ የባቡር ማደሪያ እንዲጠቀም መፍቀዱም መልካም ጅምር ነው። በማድሪድና በባርሴሎና መካከል ከ2021 በኋላ ተወዳዳሪዎች ሲገቡ ዋጋው በግልጽ ወርዷል። ይሁንና ሁለት ባቡሮች እርስ በርስ መወዳደራቸው፣ ሁለቱም ነዳጁ ቀረጥ ከማይነካው አውሮፕላን ጋር ያላቸውን የተዛባ ውድድር አያቃናውም። ፈረንሳይ በ2021 ባወጣችውና በግንቦት 2023 በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚያደርስበት የአገር ውስጥ መስመር በረራ ከልክላለች። ሕጉ የነካው ከኦርሊ ወደ ቦርዶ፣ ወደ ሊዮንና ወደ ናንት የሚደረጉትን ሦስት መስመሮች ብቻ ነው። የለንደን–ፓሪስ ባቡር የሰዓቱን መስፈርት ያሟላል፤ መስመሩ ግን የአገር ውስጥ ስላልሆነ በረራው ይቀጥላል።

የመርከቡም ርካሽነት የራሱ ከፋይ አለው። ፒ ኤንድ ኦ ፌሪስ የተባለው ኩባንያ መጋቢት 17 ቀን 2022 ወደ 800 የሚጠጉ መርከበኞቹን በቪዲዮ መልእክት አሰናብቶ በኤጀንሲ ቅጥረኞች ተካቸው። ሥራ አስኪያጁ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው የተተኪዎቹ አማካይ ክፍያ በሰዓት 5.50 ፓውንድ መሆኑን ተናገሩ፤ ይህም በጊዜው ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ሳይመካከሩ ማሰናበታቸው ሕግ መጣስ እንደነበረም አልካዱም።

እስከዚህ ድረስ የተነጋገርነው መምረጥ ስለሚችለው መንገደኛ ነው። ብሪታንያ በሸንገን አባል ሆና አታውቅም፤ ሁለቱ መንግሥታት ግን በ1991 በተፈራረሙትና በ2000 ባሰፉት ውል መሠረት ኬላቸውን ተቀያይረዋል። የብሪታንያ ድንበር ጠባቂ የሚቆመው እፓሪስ ጋር ዱ ኖር ውስጥ፣ የፈረንሳዩም እለንደን ሴንት ፓንክራስ ውስጥ ነው። በሸንገን ቪዛ ለጉባኤ ፓሪስ የመጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ፣ ቅዳሜን ለንደን ካለች እኅቱ ዘንድ ላሳልፍ ቢል፣ ከባቡሩና ከአውሮፕላኑ የትኛው ይረክሳል የሚለው ጥያቄ ገና አይደርሰውም። ሌላ ቪዛ፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ የባንክ ማስረጃና ሌላ የሳምንታት ጥበቃ ይቀድመዋል። እነዚህ ሁሉ የጉዞው ወጪዎች ናቸው፤ በየትኛውም የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ግን አይታዩም።

ከዚህም የባሰበት አለ። በ2016 እስኪፈርስ ድረስ በካሌ በነበረው የስደተኞች ሰፈር ከሱዳኖች፣ ከአፍጋኖችና ከሌሎች ጋር ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ይኖሩ ነበር፤ ከእንጨትና ከላስቲክ የሠሯትን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዓለም በፎቶግራፍ አይቷታል። በብሪታንያ ሕግ ጥገኝነት መጠየቅ የሚቻለው በብሪታንያ ምድር ላይ ሆኖ ነው፤ ጥገኝነት ለመጠየቅ ተብሎ የሚሰጥ ቪዛ ግን የለም። ጋር ዱ ኖር በቆመው የብሪታንያ መኰንን ፊት የጥገኝነት ጥያቄ ቢቀርብም ውሉ ጥያቄውን የፈረንሳይ ጉዳይ ያደርገዋል። የዋሻው አጥር ሲጠናከር ሰዉ ወደ ጭነት መኪና፣ የጭነት መኪናው ፍተሻ ሲጠብቅ ከ2018 ወዲህ ወደ ላስቲክ ጀልባ ዞረ። ኅዳር 24 ቀን 2021 በአንዲት ጀልባ መስጠም ቢያንስ 27 ሰዎች ሞቱ። በ2022 በዚህ መንገድ የተሻገሩት ከ45 ሺህ በላይ ነበሩ። ሁለቱ መንግሥታት በ2025 በሙከራ የጀመሩት ልውውጥ፣ በጀልባ የገቡትን እየመለሰ በምትካቸው ከፈረንሳይ ሌሎችን በሕጋዊ መንገድ ማስገባትን ፈቅዷል።

በላስቲክ ጀልባ ላይ ለአንድ ቦታ አሻጋሪዎች የሚጠይቁት ገንዘብ በዩሮስታር አንደኛ ማዕረግ ከሚከፈለው በብዙ ይበልጣል።