ስልኩን ከመገሠጻችን በፊት

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ አጥቢያዎች ስናገለግል ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው አንድ አቤቱታ አለ፤ «ፓስተር፣ ልጄን ስልክ በላብኝ፤ ጸልዩለት።» እኛም ልጁን አንበርክከን፣ እጃችንን ጭነን፣ «የጨዋታ መንፈስ» ገሥጸን እንሸኛለን። ምን እንደሚጫወት ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

እስቲ አንዱን እንይ። ሬድ ቦል 4 ይባላል። ዓይን ያላት አንዲት ቀይ ኳስ ትንከባለላለች፣ ትዘላለች፣ ሣጥን ገፍታ መሸጋገሪያ ታበጃለች። ጠላቶቿ ክቧን ምድር አራት ማዕዘን ሊያደርጓት የተነሡ ጥቁር ሣጥን መሳዮች ናቸው። ስታዩአት ታሥቃለች፤ ስትሞክሯት ታስቸግራለች። ቆም ብሎ ያላሰበ ይወድቃል፣ እንደገናም ይጀምራል። እኛ እዚህ ውስጥ ጋኔን አላገኘንም። እንዲያውም ሁሉን በአንድ ቅርጽ ልጨፍልቅ የሚለውን ጠላት ልጁ ሲታገል አይተን ሮሜ 12:2 ትዝ አለን። «የፈረንጅ ወጥመድ ነው» እንዳንልም፣ ቅኔ ጌምስ የተባለው ያገራችን ድርጅት ስለምትሮጥ ዶሮ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል።

«ጨዋታ ዓለማዊ ነው» የሚሉ አገልጋዮች ዘካርያስ 8:5ን ያንብቡ። እግዚአብሔር ኢየሩሳሌምን እንደሚያድሳት ሲናገር ካሳያቸው የተስፋ ምልክቶች አንዱ በአደባባይ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። የእኛ ልጆች አደባባይ ወዴት አለ? ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ከመጠቃለላቸው አስቀድሞም ሜዳው በፋብሪካ፣ በመጋዘንና በቤት እየተያዘ ነበር። የጸሎት ቤታችን ግቢስ? በአዘቦት ቀን ተቆልፎ ይውላል፤ ሲከፈትም ሣሩ እንዳይረገጥ ዘበኛው ልጆቹን ያባርራል። በሩን የዘጋነው እኛ ነን፤ ስልኩ ግን ተከፈተላቸው።

ይህን የምንጽፈው ንጹሓን ሆነን አይደለም። አንድ እሑድ በመዝሙር ሰዓት ሲጫወት ያገኘነውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በጉባኤ ፊት ስሙን ጠርተን ገሠጽነው። ሕዝቡ «አሜን!» አለ። ልጁ በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ይቅርታ ልንጠይቅ ቤቱ ስንሄድ እናቱ፣ «ፓስተር፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ እኮ ሌላ ጓደኛ የለውም» አሉን። ያ «አሜን» እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለ።

ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ እንደሚነሣ ምሳሌ 24:16 ያስተምረናል። ኳሷ መቶ ጊዜ ብትወድቅ ጨዋታው እንደገና ያስጀምራታል። እኛስ? አንድ ጊዜ የወደቀውን ከመዘምራን አስወጥተን፣ ጓደኞቹን «አትቅረቡት» ብለን እናስጠነቅቃለን። ልጅ ምሕረትን ከጸጋ ወንጌል ሰባኪዎች ይልቅ ከስልክ ጨዋታ ካገኘ፣ ንስሐ መግባት ያለበት ማን ነው?

አደጋ የለም አንልም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት፣ ትምህርቱን የጣለ ልጅ ታስሯል፤ 1 ቆሮንቶስ 6:12 ምንም ነገር እንዳይገዛን ያስጠነቅቀናል። ወላጆች ገደብ አብጁ፤ በጨዋታው መሃል የሚመጡትንም ማስታወቂያዎች ተቆጣጠሩ። ነገር ግን በቀይ ኳስ ላይ የሚጮኸው መድረካችን የወጣቶቻችንን ደመወዝ በሚውጠው የውርርድ ቤት ላይ ለምን ዝም ይላል? ደግሞስ በስብከት መሃል ፌስቡክ የሚያዩት ሽማግሌዎቻችን የማንን ልጅ ይገሥጻሉ?

ስለዚህ ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና «እስቲ አሳየኝ» በሉት። ትወድቃላችሁ፤ ይሥቅባችኋል፤ ይሣቅ። መሪዎች፣ ቅዳሜ ከሰዓት የግቢውን በር ክፈቱ፤ ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል። ያሳፈርነውም ልጅ ካለ ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ እንጠይቅ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን የተቆጣው ሕፃናትን ስለከለከሉ ነበርና፣ በእኛም እንዳይቆጣ እንፍራ።

እኛ የምንጠብቀው ልጅ ገና አልተመለሰም። አብራችሁን ጸልዩ። ጸጋ ይብዛላችሁ።