ባዶ ሳጥን አያሳፍርም



ባለፈው ሴሚስተር መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ዶርም ውስጥ ሱዶኩ ጀመርን። ከአሮጌ ጋዜጣ የተቀደደ ገጽ፣ አንድ እርሳስና የአንድ ስልክ መብራት ለአራት ሰው። ሕጉ ቀላል ነው፤ 81 ሳጥኖች አሉ። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በእያንዳንዱ ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ዓምድና 9 ሳጥን ባለው በእያንዳንዱ ክፍል አንዳንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። እኛ ደግሞ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ በአሥር ደቂቃ እንጨርሰዋለን አልን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 6 ተቀምጦ አገኘን። ስህተቱ የት እንደጀመረ የሚያውቅ አልነበረም። ስናጠፋ ስንጽፍ ወረቀቱ በላጲስ ተቀደደ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ገምተናል። "እዚህ ጋ 6 ወይም 8 ነው፤ በቃ 6 እንበለው" ብለን ነበር። ግምት ወዲያው አያጋልጥም። ሃያ ሠላሳ ሳጥን ድረስ ትክክል መስሎ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያበላሻል።

ይህን ልማድ ከየት አመጣነው? ብዙዎቻችን በፈረቃ የመንግሥት ትምህርት ቤትም መድረሳም የተመላለስን ነን። በትምህርት ቤት ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ያላወቅነውን "ሲ" ብለን አጥቁረን እንወጣለን፤ ባዶ የሚተው ሞኝ ነው። መድረሳ ግን የትናንቱን ሳያሰማ ወደ ዛሬው የሚሻገር አልነበረም። ኡስታዞቻችንም ያላወቁትን ሲጠየቁ "አሏሁ አዕለም" ለማለት አያፍሩም ነበር። ከሁለቱ ይዘን የመጣነው የትኛውን እንደሆነ ሱዶኩው አሳየን።

በሁለተኛው ሳምንት መገመት ክልክል ሆነ። መጀመሪያ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 5ን፣ እንይዛለን። በአጠገብ ካሉት ክፍሎች 5 የተቀመጠባቸውን ረድፎችና ዓምዶች እያየን የማይገባበትን እናስወግዳለን፤ አንድ ሳጥን ብቻ ከተረፈ 5 እዚያ ነው። ካልለየ በሳጥኑ ጥግ ሊገቡ የሚችሉትን በትንንሹ ጽፈን እናልፋለን። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳጥኖች 4ና 7 ብቻ ከቀራቸው፣ ከዚያ ክፍል ሌሎች ሳጥኖች 4ና 7 ይሰረዛሉ። የትኛው የት እንደሆነ ገና ሳናውቅ እንኳ ወደፊት መሄድ ይቻላል ማለት ነው። በትክክል የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ነው። ለዚያም ቢያንስ 17 ቁጥር ተሰጥቶ መጀመር እንዳለበት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር አረጋግጠዋል። ማስረጃው ገጹ ላይ አለ፤ የሚጎድለው ትዕግሥታችን ነው።

"ጊዜ ማባከን ነው" የሚሉን አሉ። አንድ ምሽት ለሱዶኩ ብለን የኢሻ ጀመዓ አምልጦናልና እውነት አላቸው። ስለዚህ በቀን ከአንድ አይበልጥም፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት ነው፤ አዛን ሲባል እርሳሱ ይቀመጣል።

ግን ይህን የጻፍነው ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሴሚስተር አንድ የላብ ሪፖርት ላይ ሳንለካ የሞላነው ቁጥር ነበር። ሰንጠረዡ ባዶ እንዳይታይ ብለን ነው። በሱዶኩ ግምት ይቅር ካልን በኋላ ያ ቁጥር ዕረፍት ነሳን። ሄደን ለአስተማሪው ነገርነው። ነጥብ ቀነሰብን፤ እንደገና እንድንለካ ግን ፈቀደልን። አዲሱ ውጤት ከሞላነው ጋር አይቀራረብም ነበር።

ነገ በምንሠራው ድልድይ ላይ ሰው ይሄዳል፤ በምንዘረጋው መስመር ቤት ውስጥ መብራት ይበራል። አማና ነው። ያኔ ያልተለካን ቁጥር በላጲስ ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ያላወቅነውን "አላውቅም" ማለትን ከአሁኑ እንልመድ፤ በተለይ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ ባዶ ሳጥን አያሳፍራችሁ።

መጀመር የምትፈልጉ "ቀላል" የተባለውን ያዙ፤ እርሳስና ላጲስም አትርሱ።