«የትም ያልተፈለገ» ሰው 14 ቦታ ይቀጠራል?

ወገኖቼ፣ ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። ከፊቴ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ጽሑፉም ሊረዝም ነው፣ ቻሉኝ።

ቅድም አንድ ተሳፋሪ ዋሽንግተን ናሽናልስ ስታዲየም አደረስኩ። መንገድ ላይ ኤድዊን ጃክሰንን አነሳሁበት፤ በ2012 እና በ2017 እዚሁ ተጫውቷል። ሳቀ። «እሱ እኮ የትም ያልተፈለገ ነው» አለኝ። ልንደርስ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ቤዝቦል ለማትከታተሉ፦ ጃክሰን ፒቸር ነበር፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ማለት ነው። ከ2003 እስከ 2019፣ 17 ሲዝን፣ 14 ቡድን። ከእሱ በፊት በዋናው ሊግ ለዚህን ያህል ቡድን የተጫወተ አልነበረም። በስሙ የተመዘገበው ድል 107፣ ሽንፈት 133። አዎ፣ የተሸነፈው ይበልጣል። ታዲያ ያልተፈለገ ሰው 17 ዓመት ሙሉ ማን ነው ደመወዝ ሲከፍለው የኖረው? ጽድቅ ፈልገው ነው?

ሲዝኑ እኮ 162 ጨዋታ ነው። ኮከብ የሚባለው ፒቸር የሚጀምረው በአምስት ቀን አንዴ ገደማ ነው። የቀረውን ቀን ማን ይወርውርላችሁ?

ጁላይ 27 ቀን 2011 የቺካጎው ዋይት ሶክስ ለቶሮንቶ ሰጠው፤ ቶሮንቶ በዚያው ቀን ለሴንት ሉዊስ አሳልፎ ሰጠው። በአንድ ቀን ሁለቴ! እኛ ብንሆን ስንት ወር እናኮርፍ ነበር? እሱ ሄዶ ወረወረ፤ ሴንት ሉዊስም በዚያ ዓመት ዎርልድ ሲሪስን በላ። ያ አንድ ቀን እንኳን ያላቆየው ቶሮንቶ ደግሞ በ2019 መልሶ ወሰደው። 14ኛው ማሊያ የእነሱ ነው።

በድሮ ሙያዬ (ኢንጂነር እንደነበርኩ ታውቃላችሁ) ብረት ሁለት ፈተና አለው። አንዱ ስንት ክብደት ይሸከማል ነው፤ ሌላው ስንት ጊዜ ደጋግሞ ይሸከማል። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለመጀመሪያው ነው። ድልድይ የሚቆመው ግን ሁለተኛውንም ሲያልፍ ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ ብሷል። ሯጭ ወርቅ ካላመጣ ስሙን አናውቀውም፤ አራተኛ የወጣውን ማን ቦሌ ሄዶ ተቀበለ?

«ሚሊየነር ነው፣ ምኑ ያሳዝናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መች አዘንኩለት? ገንዘቡን ሠርቶ በልቷል፣ ይብላው። የዝና አዳራሽ ይግባም አላልኩም። ይጨበጨብለት ነው ያልኩት። በ2010 ለአሪዞና ሲጫወት ተጋጣሚው አንድም ሂት ሳያገኝ ጨዋታውን ጨርሷል። ስምንት ሰው በነጻ አሳልፎ፣ 149 ኳስ ወርውሮ! ሲያሸንፍ እንኳን እየተንገዳገደ ነው፤ ለዚህ ነው የምወደው።

ባለፈው ክርስትና ቤት አንዱ «ኢንጂነሩ፣ አሁንም ታክሲ ላይ ነህ?» አለኝ፣ ሰው እየሰማ። አሁንም ነኝ። ነገም ከንጋቱ አስር ሰዓት እወጣለሁ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ኮመንት ላይ ለመሳደብ የተዘጋጃችሁ፣ 133ቱን ስትጽፉ 107ቱንም አትርሱ።