«ዛሬስ እንዴት ዋለ?» በሏት

ግንቦት ልደታ ሲመጣ በየብሎካችን ደጅ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። በዚያ መሀል ነፍሰ ጡር ካለች ወሬው ወደ እሷ መዞሩ አይቀርም። «የእኔማ በአራት ወሩ ነበር የሚራገጠው፤ ያንቺ እስካሁን ዝም?» ትላለች አንዷ። ያቺ ምስኪን ስኒዋን እንደያዘች ትሳቀቃለች። ሌላዋ ደግሞ ልታረጋጋት ብላ፣ «የበኩር ልጅሽም እንዲህ አልነበር? ጭምት ነው፣ ተይው» ትላታለች። ሁለቱም የሚናገሩት ከደግ ልብ ነው። የሁለተኛዋ ምክር ግን ልጅ ሊያሳጣ ይችላል።

እኔም እንደ እነሱ ልጅን ከልጅ ሳስተያይ ኖሬያለሁ። የመጀመሪያ ልጄን የለየሁት አምስት ወር ሊሞላኝ ሲል ነው፤ ሽው ሲልብኝ የሆድ ነፋት መስሎኝ ስንት ቀን ዝም ብያለሁ። ሁለተኛዋን አራተኛው ወር እንዳለቀ አወቅኋት። ስሜቱን አንዴ የቀመሰች ሴት ቶሎ ትለየዋለች። ሦስተኛው ላይ አዋቂ ነኝ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። አልትራሳውንድ ስነሳ እንግዴ ልጁ በሆዴ በፊት በኩል ተለጥፏል፤ ርግጫው በትራስ ላይ እንደሚያርፍ ቡጢ እየደነዘዘ ነበር የሚደርሰኝ። እናት አንድ፣ ማህፀን አንድ፣ እርግዝናው ግን ሦስት ዓይነት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪዬ ለአንቺ ለነፍሰ ጡሯ ነው። ልጅሽን ከታላቁም ከጎረቤት ልጅም ጋር አታስተያዪው፤ ከራሱ ከትናንቱ ጋር አስተያዪው። 24 ሳምንት ሞልቶሽ ምንም ካልተሰማሽ የክትትል ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሄደሽ ታዪ። ከ28ኛው ሳምንት ወዲያ፣ ማለትም ሰባተኛው ወር ላይ፣ ልጁ የራሱ ጠባይ ይኖረዋል። አንዱ ማታ አንቺ ጋደም ስትይ ይነቃል፣ ሌላው ከምግብ በኋላ ይገላበጣል። ይተኛልም፤ እንቅልፉ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ሥራ ላይ ሆነሽ ሳታስተውዪው ቀርተሽ እንደሆነ ከተጠራጠርሽ በግራ ጎንሽ ተጋድመሽ ልብ ብለሽ አዳምጪው። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ ተነሺና ሂጂ። ሞልቶም ልብሽ «ትናንት እንዲህ አልነበረም» ካለሽ ሂጂ። ጭራሽ ጸጥ ካለ ደግሞ መቁጠር የሚባል ነገር የለም፤ ነጠላሽን ደርበሽ ውጪ።

«ሲደርስ ቦታ ስለሚጠበው ይቀንሳል» የሚለውን ከአፋችን እናውጣው። ርግጫው ወደ መገላበጥና መግፋት ሊለወጥ ይችላል እንጂ እስከ ምጥ ድረስ መቀነስ የለበትም። ጣፋጭ ነገር ጠጪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ እያሉ ማቆየትም ይቅር። እስኪነጋ መጠበቅ ከሁሉም ይብሳል።

የሦስተኛው ልጄ ጊዜ አንድ ማታ እንዲሁ ጠፍቶብኝ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። አዋላጇ ያችን ጡሩምባ መሳይ ማዳመጫ ሆዴ ላይ ተክላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ በሌላው እጇ የእጄን አንጓ ይዛለች፣ የእኔን ትርታ ከልጁ ለመለየት። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ቆይታ ቀና አለችና ፈገግ አለች። «በከንቱ አስቸገርኩሽ» ብላት፣ «ነገም ከጠፋብሽ ነገም ነይ» አለችኝ። አዋላጆቻችን ሆይ፣ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለሁሉም በሏት። የተሳቀቀች እናት ሁለተኛ አትመጣም።

አሠሪዎችም አላችሁበት። ፍርድ ቤት ደጁ ላለ የልደታ ክፍለ ከተማ ሰው ሕግ መጥቀስ ለቀባሪው ማርዳት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ለእርግዝናዋ ምርመራ ደመወዟ ሳይቆረጥ ፈቃድ እንድታገኝ ይደነግጋል። ማስረጃውን ስትመለስ ታምጣ፤ በር ላይ አታስቁሟት።

የቀረው የጎረቤት ሥራ ነው። ባሎች፣ የታክሲዋን ብር ከአስቤዛው ለይታችሁ አስቀምጡ። የእድር ዳኞች፣ ሌሊት መኪና የሚያወጣ ጎረቤት ማን እንደሆነ ከእነስልኩ ጽፋችሁ ደረጃው መግቢያ ላይ ለጥፉ፤ ከሥሩ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 እና የእሳትና አደጋን 939 ጨምሩበት። የግቢው ዘበኛም በየትኛው ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች ይወቅ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳ ቁልፍ ፍለጋ እንዳይዞር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እንደሆነ ከክፍለ ከተማችን አልወጣ።

እናቶችና አማቶች፣ ለእናንተ ያለኝ ቀላል ነው። ዛሬ ቡና ላይ ያቺን ልጅ ሆዷ ሾሏል ወይስ ከብቧል እያላችሁ ወንድና ሴት ከመገመታችሁ በፊት «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» በሏት። «እኔንጃ፣ ዛሬ ዝም ብሏል» ካለቻችሁ ሦስተኛውን ስኒ ተዉትና አብራችኋት ተነሱ።